የመርካቶ መዓዛማ ዘይትና የቁስል ጥያቄ

መርካቶ ውስጥ እጣንና ቅመም ከሚሸጥበት መደዳ ገብቶ «ለቁስል የሚሆን ነገር» ብሎ የጠየቀ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ከርቤ አለ፤ ተወቅጦ ቁስል ላይ የሚነሰነስ። ጥቁር አዝሙድ አለ፤ በፍሬውም፣ በዘይቱም። መንገድ ዳር ላይ እርጥብ ጤና አዳምና ዳማከሴ በእስር በእስር ተቀምጧል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ትናንሽ ብልቃጦች ከቅመሙ ጎን ቦታ አግኝተዋል፦ የጦስኝ ዘይት፣ የባሕር ዛፍ ዘይት፣ የእጣን ዘይት። አንዳንዱ ላይ «ኢሴንሻል ኦይል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ አንዳንዱ ምንም የለውም። ሻጩ ግን ሁሉንም አንድ ላይ «ፍቱን ነው» ይላል።

ፍቱን ማለት የተፈተነ ማለት ከሆነ፣ የትኛው ነው የተፈተነው? በምን ላይ? በማን ላይ? የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር። መዓዛማ ዘይቶች ጀርም እንደሚገድሉ ብዙ ማስረጃ አለ፤ የሰው ቁስል ቶሎ እንደሚያሽሩ ግን ማስረጃው ስስ ነው። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ አለመታወቁ ነው።

ከዘይቱ እንጀምር። የኑግ፣ የሰሊጥ ወይም የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከፍሬው ተጨምቆ የሚወጣ ቅባት ነው፤ አይተንም፣ ጨርቅ ከነካ ምልክቱን ይተዋል። መዓዛማው ዘይት ግን ቅጠሉ ወይም ሙጫው በእንፋሎት ሲመታ ከውሃው ጋር ተንኖ፣ ቀዝቅዞ፣ ከውሃው የሚለየው ነው። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩን ለመረዳት አይቸገርም። ከአንድ ትልቅ ሸክም ቅጠል የሚገኘው ዘይት ጥቂት ነው፤ ዋጋውም ከዚያ ይመጣል፤ ለመበረዝ የሚጋብዘውም ያው ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጎ ማሳደር ጥሩ የቤት ፈተና ነው፤ አብዛኛው ንጹሕ መዓዛማ ዘይት ተንኖ ያልቃል፣ በምግብ ዘይት የተበረዘው ግን የቅባት ክብ ይተዋል። ሌላ ርካሽ ተናኝ ዘይት የተቀላቀለበትን ግን ይህ ፈተና አያጋልጥም።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የማያውቀው ነገር አለ። ስለ እጣን የመድኃኒትነት ጥናት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ቦስዌሊክ አሲድ የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ብግነት በማብረድ ይታወቃሉ። እነዚህ ከባዶች ስለሆኑ በእንፋሎት አይነሱም፤ ዘይቱ ሲወጣ እነሱ ከሙጫው ጋር ድስቱ ውስጥ ይቀራሉ። በመተማና በትግራይ ቆላ ከሚበቅለው የእጣን ዛፍ፣ ከቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ፣ የሚወጣው ዘይት በአብዛኛው ኦክቲል አሴቴት የሚባል ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸት ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ በሙጫው ላይ የተሠራ ጥናት ተጠቅሶ ዘይቱ ሲሸጥ፣ የአንዱ ምስክርነት ለሌላው ተሰጥቷል።

«የአባቶቻችን መድኃኒት» የሚለውም አባባል እንደዚሁ መጣራት ይፈልጋል። ጣሊያን በወረራው ዓመታት የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዛውሮ ዛሬ መርካቶ የምንለውን ከመሠረተ ወዲህ፣ የመድኃኒት ዕፅዋት ንግድ ከዚህ ገበያ ተለይቶ አያውቅም። ተመራማሪው ሔልሙት ክሎስ ከአክሊሉ ለማና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር በ19 የኢትዮጵያ ገበያዎች የሚሸጡ ባህላዊ የመድኃኒት ዕፅዋትን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1978 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ያንሰን የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ስለ ኢትዮጵያ ቅመሞችና የመድኃኒት ዕፅዋት የጻፈው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1981፣ የገላሁን አባተ «እጸ ደብዳቤ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ታትመዋል። የአገሩ የቁስል ሕክምና በብዛት ምን ይመስላል ቢባል፦ ቅጠል ተጨምቆ፣ ሥር ተወቅጦ፣ በቅቤ ወይም በማር ተለውሶ፣ ወይም ቁስሉ ታጥኖ ነው። አረቄ የሚያወጣ ሕዝብ የጦስኝን ዘይት ማውጣት አያቅተውም ነበር፤ ግን የቁስል መድኃኒቱን በዚያ መንገድ አላደረገውም። ብልቃጡ አዲስ መጥ ነው። አዲስነቱ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን የዘመናት ልምድ ይመሰክርለታል ማለት አይቻልም። በቅጠል ጭማቂ ውስጥ በጣም በጥቂቱ የነበረው ነገር በብልቃጡ ውስጥ ብዙ እጥፍ ተጠራቅሞ ይገኛል።

ወደ ቤተ ሙከራው ስንገባ ወሬው ያማረ ነው። በባሌ፣ በመንዝና በሌሎች ደጋዎች የሚበቅለው ጦስኝ፣ ቲመስ ሺምፔሪ፣ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ተክል ነው። ዘይቱ በቲሞልና በካርቫክሮል የበለጸገ ነው። ሁለቱም ቁስል ላይ የሚያመረቅዘውን ስታፊሎኮከስ ኦሬየስን ጨምሮ ብዙ ባክቴሪያዎችን በሳህን ላይ ይገድላሉ። ቲሞል በውጭ አገር የአፍ መጉመጥመጫዎች ውስጥ ከድሮ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው። የኮሰረት፣ የዳማከሴ፣ የጠጅ ሣርና የባሕር ዛፍ ዘይቶችም መጠኑ ይለያይ እንጂ ተመሳሳይ ውጤት ያሳያሉ።

አገዳደላቸው ነው ጥያቄውን የሚያወሳስበው። ካርቫክሮል የባክቴሪያውን ሽፋን ሰብሮ ውስጡን ያፈሰዋል። የእኛም ሕዋስ ሽፋን ከስብ የተሠራ ነው፤ ዘይቱ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ቁስል መጀመሪያ ደሙ ይረጋል፤ ቀጥሎ ያብጣል፣ ይቀላል፤ ከዚያ ለጋ ቀይ ሥጋ ይሞላዋል፤ በመጨረሻ አዲሱ ቆዳ ከዳር ወደ መሐል እየተሳበ ይሸፍነዋል። ጀርም ገዳይ ነገር ቁስሉ በመረቀዘ ጊዜ ይጠቅም ይሆናል። ለጋው ሥጋ መሙላት ሲጀምር ግን እዚያ ያሉት ሕዋሳት እንደ ቡቃያ ናቸው፤ ጀርሙን የገደለው እነሱንም ሊገድል ይችላል። የአውስትራሊያው ቲ ትሪ ዘይት በዚህ ረገድ ብዙ የተጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በቆዳ ሕዋሳት ላይ የሞከሩት ተመራማሪዎች ባክቴሪያ የሚገድለው መጠን የቆዳውንም ሕዋስ ስለጎዳ ለተቃጠለ ቆዳ እንዳይደረግ መክረዋል። በሳህን ላይ «ገደለ» የሚለው ቃል ቁስል ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም።

ከሳህኑ ቀጥሎ አይጥ ይመጣል፤ የእኛ አገር ጥናት በብዛት የቆመውም እዚህ ነው። በቀጥታ ጉዳያችንን የሚነካው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ነው። የመረጡት ኮሚፎራ ጊዶቲን ነው፤ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ብቻ የሚበቅል፣ ሽታው ጣፋጭ የሆነ የከርቤ ዘመድ፤ ሶማሌዎች «ሐበግ ሐዲ» የሚሉት። ሙጫውንና ከሙጫው የወጣውን መዓዛማ ዘይት ለየብቻ ቅባት አድርገው በአይጦች ቁስል ላይ ሞከሩ። በሁለቱም ቁስሉ ካልታከመው ፈጥኖ ጠበበ፣ ፈጥኖም ቆዳ ለበሰ። ይህን ጥናት የምወደው ዘይቱንና ሙጫውን ስላልቀላቀለ ነው። ከርቤን በተመለከተ ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ የጣሊያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 «ኔቸር» ላይ ባወጡት ጥናት ከከርቤ የተገኙ ንጥረ ነገሮች በአይጦች ላይ ሕመም ማስታገሳቸውን አሳይተዋል። ከርቤ የተቀላቀለበት ወይን ጠጅ በወንጌል ላይ ለተሰቃይ መቅረቡን ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ ባዶ ወሬ አይደለም።

ሌሎቹ የአገራችን የቁስል ጥናቶች ግን ብዙዎቹ ስለ ዘይት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የእንዳሁላ ጥናትም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የመቅመቆ ሥር ጥናትም በአልኮል ተነክሮ የወጣ ጭማቂን ነው የሞከሩት። ሁለቱም ጥሩ ውጤት አግኝተዋል። «የኢትዮጵያ ዕፅዋት ቁስል እንደሚያድኑ በጥናት ተረጋግጧል» እየተባለ ሲጻፍ እነዚህ ሁሉ ባንድ ቅርጫት ገብተው የብልቃጡ ዋስ ይሆናሉ። አይሆኑም።

ስለ አይጧም ቢሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የአይጥ ቆዳ ልቅ ነው፤ ከሥሩም ስስ የጡንቻ ንጣፍ አለው። ቁስሏ በአብዛኛው የሚዘጋው ዳርና ዳሩ ተስቦ ሲገጥም ነው። የሰው ቆዳ ከታች የተያዘ ስለሆነ ቁስሉ ሥጋ መሙላትና አዲስ ቆዳ ማልበስ አለበት። ላቬንደር የተባለው አበባ ዘይት በአይጥ ላይ ቁስል በማጥበብ እ.ኤ.አ. በ2016 ጥሩ ስም አትርፏል፤ ያ ማጥበብ ግን በሰው ላይ የመዳኛው ዋና መንገድ አይደለም።

በሰው ላይስ? የመዓዛማ ዘይት ሕክምና አድናቂዎች ታሪኩን የሚጀምሩት ከፈረንሳዊው የሽቶ ኬሚስት ከረኔ ሞሪስ ጋትፎሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ቤተ ሙከራው ውስጥ ፍንዳታ ደርሶ እጆቹ ተቃጠሉ፤ የተመረዘውን ቁስል በላቬንደር ዘይት አጥቤ ዳንኩ ሲል በ1937 ባሳተመው መጽሐፉ ጻፈ። አንድ ሰው ስለ ራሱ የተናገረው ነው፤ ከዚያ በላይ መሸከም አይችልም። ጠንከር ያለው ምርመራ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ነው። መድኃኒት የተለማመደ ስታፊሎኮከስ ያለባቸው 224 የሆስፒታል ሕሙማን ግማሹ በቲ ትሪ ቅባትና መታጠቢያ፣ ግማሹ በተለመደው ሕክምና ታከሙ። በአጠቃላይ ጀርሙ የጠፋላቸው በቲ ትሪው 41 ከመቶ፣ በተለመደው 49 ከመቶ ነበሩ። አፍንጫ ውስጥ የተለመደው መድኃኒት በግልጽ በለጠ፤ ቆዳና ቁስል ላይ ግን ቲ ትሪው የተሻለ ሆነ። ለዘይቱ ከተገኙት ውጤቶች ከበድ ካሉት አንዱ ይህ ነው። የተለካው ግን የጀርሙ መጥፋት እንጂ የቁስሉ መዳን አልነበረም።

ላቬንደር ደግሞ ከወሊድ በኋላ ለሚሰማ የቁስል ሕመም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመው የእንግሊዝ ጥናት 635 ወላዶች መታጠቢያ ውሃቸው ላይ እውነተኛውን፣ ሰው ሠራሹን ወይም ባዶውን ጠብታ እያደረጉ ሲታጠቡ በሕመማቸው ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም። በኋላ በኢራን የተደረጉ አነስ ያሉ ጥናቶች ጥሩ ውጤት አሳይተዋል። ትልቁና ትንሹ ጥናት ሲጋጩ እኔ ወደ ትልቁ አዘነብላለሁ።

መርካቶ ውስጥ ከብልቃጡ የተሻለ ማስረጃ ያለው ነገር ይሸጣል፤ ማር። የኮክሬን ግምገማ እ.ኤ.አ. በ2015 ጥናቶቹን ሰብስቦ ሲመዝን፣ ጥልቀት የሌለውን ቃጠሎ ማር ከአንዳንድ የተለመዱ መሸፈኛዎች ይልቅ ቶሎ እንደሚያድን አገኘ። ጎንደር ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናትም የንብ ማርና የጣዝማ ማር መድኃኒት የተለማመዱ ባክቴሪያዎችን ጭምር ሲቋቋሙ አሳይቷል። እርግጥ ሆስፒታል የሚገባው ማር በጨረር የጸዳ ነው፤ ስኳር የተቀላቀለበት የገበያ ማር ያንን ስም መዋስ የለበትም። ቢሆንም የማርን ያህል እንኳን ያልተፈተነ ዘይት ከማር በላይ ዋጋ ሲጠየቅበት ማየት ይገርማል።

ጥሩ ፈተና በዚህ አገር አይቻልም የሚል ካለ ምሥራቅ ጎጃምን ይመልከት። እዚያ 696 የዝሆኔ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። እግር በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ያን የሚያስተኛውን የትኩሳትና የእብጠት ሕመም ቀንሶታል። ከገጠር ሕሙማን ጋር፣ በዕጣ ተከፍለው፣ ለወራት ተከታትለው ነው የተሠራው። አንድም የሚያስደምም ሽታ የለበትም፤ ሳሙናና ውሃ ነው።

አሁን ወደ ብልቃጡ እንመለስ። አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ግልጽ የፕላስቲክ ብልቃጦች ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። ከምን እንደወጣ ስጠይቃቸው ባለሱቋ እናት «ከጦስኝ ነዋ ልጄ፣ ሽተተው እስቲ» አሉኝ። ሸተትኩት፤ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይላል። ለተቃጠለ ይሆናል ወይ አልኳቸው። «ለተቃጠለም፣ ለተቆረጠም፣ ለፀጉርም ይሆናል። ብቻ እንዳትጠጣው።» የመጨረሻዋ ምክራቸው በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ብትገባ አታሳፍርም፤ የባሕር ዛፍ ዘይት ሕፃን ጥቂት ከዋጠው ራሱን ሊያስተው ይችላል። የቀረው ግን ችግር ነው። ብልቃጡ ላይ የተክሉ ስም፣ የወጣበት ቀን፣ የመጠኑ ልክ የለም። ብርሃንና አየር ያገኘው ዘይት ይበላሻል፤ እንደ ሊናሉልና ሊሞኒን ያሉት ንጥረ ነገሮች ከአየር ጋር ሲዋሐዱ ቆዳ የሚያስቆጣ ነገር ይሆናሉ። ፕላስቲኩም ራሱ በአንዳንድ ዘይት ይበላል። ጥቁር ጠርሙስ፣ የጠበቀ ክዳን፣ ጥላ ያለ ቦታ፤ ይህን የሚጠይቅ ገዢ መብዛት አለበት። ከምናለሽ ተራ የተገዛ አሮጌ ጠርሙስ ለኬሮሲን ይሆን ይሆናል፤ ለተከፈተ ቆዳ ግን አይሆንም።

ጤና አዳምን በተመለከተ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ክፋት የማይጠረጠርበት ተክል ነውና። ቅጠሉ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ቆዳ ላይ ታሽቶ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳውን ያቃጥላል፦ በአንድ ሁለት ቀን ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ለሳምንታት ይጠቁራል። ታካሚው ቁስሉ የባሰበት መስሎት ደግሞ ይቀባዋል። ቡና ላይ ጣል ማድረጉ ሌላ ነው፤ ፀሐይ የሚያገኘው ቁስል ላይ ግን አይደረግ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የስኳር ሕመምተኛ እግር ነው። እግሩ ስለደነዘዘ የሚያቃጥለው ዘይት ማቃጠሉን አይነግረውም። በሌላ ሰው ላይ «ኧረ በቃኝ» የሚያሰኘው ስሜት በሱ ላይ የለም። እንዲህ ያለ ቁስል፣ ጥልቅ ቁስል፣ የዛገ ነገር የወጋው፣ ሰፊ ቃጠሎ፣ እነዚህ የብልቃጥ ጉዳይ አይደሉም። የተቃጠለ በመጀመሪያ 20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፤ የከፋ ከሆነ እንደ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ወዳለበት ነው መንገዱ። የተወጋ የቴታነስ መርፌውን ይጠይቅ። ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ለቆረጠች ሴት ደግሞ ውሃና ሳሙና ይበቃል። ዘይቱን አልተውም የሚል ካለ፣ ከመቶ እጅ ከሁለት እስከ አምስት ብቻ በንጹሕ ቅባት አቅጥኖ፣ መጀመሪያ ጤነኛ ቆዳ ላይ ሞክሮ፣ በቁስሉ ዙሪያ እንጂ ውስጡ አይጨምር።

ሕጉ የለም አይባልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ባህላዊ መድኃኒትንም ይመለከታል፤ አስፈጻሚውም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ነገር ግን ለሽታ ወይም ለውበት ተብሎ የመጣ ብልቃጥ መድኃኒት የሚሆነው በሻጩ አፍ ነው፤ ቃል ደግሞ ምዝገባ አያስፈልገውም። በዕውቀት በኩልም ድሆች አይደለንም። የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል መዓዛማ ተክሎችን እያባዛ ዘይታቸውን ሲያጠና ቆይቷል። የኬሚስትሪ ሊቁ ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜም የአገራችንን መዓዛማ ዘይቶች ይዘት ለዓመታት ሲመረምሩ ኖረው፣ አሪቲ ኸርባል በተባለው ድርጅታቸው የታወቀ ተክል የታወቀ ዘይት ለገበያ እስከ ማቅረብ ደርሰዋል። ይዘቱ ተለክቶ የተጻፈበት ብልቃጥ እዚሁ ከተማ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው።

የእጣኑ ዘይት ሌላም ዕዳ አለበት። ሙጫው ዛፉ መንጋፍ በሚባለው መሣሪያ ሲቆስል ቁስሉን የሚደፍንበት ነው። ዛፎቹ ከልክ በላይ ይቆስላሉ፤ ችግኙን ከብትና እሳት ይጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የፓፒሪፌራ እጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ገምቷል። በብዙ ቦታ ለአሥርታት አዲስ ዛፍ አልተተካም። ለቁስል ያለው ጥቅም በሰው ላይ ገና ላልታየ ዘይት ብሎ ሌላ የፍላጎት ጫና መጨመር ለእኔ አይዋጥልኝም። ጦስኝ፣ ጠጅ ሣርና ኮሰረት ግን በማሳ ሊተከሉ ይችላሉ።

ለፈተና አንድ ዘይት ብቻ ምረጥ ብባል ሐበግ ሐዲን እመርጣለሁ፤ በአይጥ ላይ ዘይቱና ሙጫው ተለይተው የተሞከሩበት እሱ ነውና። ቦታው የቆዳ ሕሙማን የሚበዙበት አለርት ሆስፒታል ቢሆን፣ ታካሚዎቹም ንጹሕና ትንሽ ቁስል ያላቸው፣ የስኳር ሕመም የሌለባቸው ቢሆኑ። አንዱ ቡድን ቫዝሊን ብቻ፣ ሁለተኛው ይዘቱ የተለካ ዘይት በጥቂቱ የተቀላቀለበት ቫዝሊን፣ ሦስተኛው የጸዳ ማር። የሚለካው በሳህን ላይ የሞተው ጀርም ሳይሆን፣ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ቆዳ የለበሰበት ቀን ነው።